የማኅተሙ ቀለም

ማለዳ ነው፤ ሮተርዳም ላይ፣ ጉም ወደቡን ተጭኖት፣
ክሬኑ አንገቱን አስግጎ፣ የባሕር ወፍ ጮሆበት፣
ከመርከቡ ሆድ ወረደ አንድ ሰማያዊ ኮንቴይነር፤
ቁጥር ያለው፣ የታሸገ፣ በብረት ካስማ የታሰረ በር።

ጭነቱ የበሬ ጆሮ፤ የደረቀ፣ የታጠፈ፣
ለውሻ መንጋጋ ማባበያ፣ በከረጢት የተሰለፈ።
አሥራ ስምንት ቶን ጆሮ!
ይሄ ሁሉ ምን ሰምቶ ኖሯል? ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ፤
መልስ የሚሰጥ ስላልነበር፣ ወረቀቱን አነበብኩ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ነጭ ካፖርት፣ ጓንት፣ ባትሪ፣
የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ታካሚ የሌለኝ፣ ወረቀት መርማሪ።
በሬው በየት አገር ቆመ? በየትኛው ቄራ ታረደ?
ስንት ዲግሪ እሳት ነካው? ስንት ደቂቃስ ነደደ?
አምስቱን ናሙና ማን ያዘ? ሳልሞኔላ የለም ያለው ማነው?
ፈርሞ በስሙ የማለ፣ ስሙስ ራሱ የማነው?

ሁሉም አለ። ሁሉም ልክ ነው።
ሙቀቱ ዘጠና ደርሷል፤ ናሙናው ንጹሕ ወጥቷል፤
ከባሕር ማዶ ያለው ሐኪም እጁን ሳይሰስት ፈርሟል።
ማኅተሙ ግን ጥቁር ነው።
ጽሑፉም ጥቁር።
ሕጉ አንዲት መስመር አለችው፤ «ማኅተም ከጽሑፍ በቀለም ይለይ»፤
ጥቁር በጥቁር ላይ ቢያርፍ፣ ዋናው ከቅጂው በምን ይታይ?

አስመጪው ኦልፈርት መጣ፤ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ሲሮጥ፣
ካልሲው አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ግራጫ፤ ፊቱ ደም መስሎ ሲለወጥ።
«ዊትስከ፣ ስለ ቀለም? ስለ ቀለም ብቻ?
ውሻ ማኅተም ያነባል? ጆሮ እኮ ነው፤ ማኘኪያ፣ መጫወቻ!
ለመጋዘኑ በቀን ስንት እንደምከፍል ታውቂያለሽ?
አሽትቺው፣ በፈጠረሽ!»

አሸተትኩት። ደህና ነው። አሮጌ ኮርቻ ይሸታል።
«አዲስ ወረቀት ካልመጣ፣ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይቃጠላል»
አልኩት፤ ዓይኑን ሳላየው።
ከሰው ፊት ይልቅ ወረቀት ማየት ይቀላል።

ያልነገርኩት ነገር አለ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፍሪስላንድ፣ ከግድቡ ሥር ቤታችን፤
አንድ ማክሰኞ ምራቋ ተዝረከረከ፣ ሲብሪች፣ ትንሿ ጊደራችን።
«አፍተግር» አለ የመጣው ሰው፤ ቃሉን እንደ ድንጋይ ጣለ፤
ከየት ገባ? የሚያውቅ የለም። አንዱ «ከቀለብ ነው» አለ፣
አንዱ «ከነፋስ»፣ አንዱ «ከጫማ»። ምን ለወጠ?
ስልሳ አራት ከብት፣ ጤነኛውም ጭምር፣ በአንድ ከሰዓት ተሟጠጠ።
አባቴ ግን በማግስቱ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣
ባልዲውን አንጠልጥሎ ወጣ፤ እጁ መርዶውን ሳይሰማለት።
በባዶው በረት መኻል ቆሞ
ጆሮውን ሰጠ።
እኔም ከበሩ ኋላ፣ በሌሊት ልብሴ፣
እርሱ የሚሰማውን ዝምታ ሰማሁት ራሴ።

አምስት ቀን ኮንቴይነሩ ቆመ፣ ዝናብ ጀርባውን ሲደበድበው፤
ባልደረባዬ ገርብራንት፣ ሻይውን እያማሰለ፣ «አሳልፊው» ይላል፣ «ማን ሊያየው?»
እኔ ስልክ እደውላለሁ፤ እዚህ ቀን ሲሆን እዚያ ሌሊት፤
የማላውቀው ቋንቋ ያነሣል፤ ይዘጋል፤ ደግሞ በትዕግሥት።
አንድ ምሽት ኦልፈርትን ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አየሁት፤
ሠራተኞቹን ሊበትን ነው አሉ። ሦስት ናቸው። ቁጥሩን ያዝኩት።

በስድስተኛው ቀን ሌላ ወረቀት ደረሰ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ፤
ከጥጉ በእርሳስ ተጽፏል፦
«ቀለሙ አልቆብን ነበር፤ ሱቁ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ይቅርታ።»
ቅጹ ላይ ለይቅርታ የተተወ ሣጥን የለም።
ፈረምኩ።

ኦልፈርት፣ ካልሲው ገጥሞለት፣ አንድ ጆሮ መዘዘና
«ለውሻሽ» ሲል ዘረጋልኝ፤ ቁጣው ወጥቶለታልና።
አልወሰድኩም። ክልክል ነው።
ደግሞም ውሻዬ አርጅታለች፤ ጥርስ የላትም፤ የምትልሰው ገንፎ ነው።

ሾፌሩን ሊጠራ ዞር ሲል፣ በሩ ሳይዘጋ ገና፣
አንገቴን ወደ ጨለማው አስገባሁና
ለአሥራ ስምንት ቶን ጆሮ
አንድ ስም ሹክ አልኩ፤
«ሲብሪች»።